ማርሚታ ሲቀየር ሞተሩ ላይ ምን ይለወጣል?

ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) የሚቀይር ባለ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ምክንያቶች አንዱ አለው፦ የድሮው ዝጎ ተበስቷል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ይደክምበታል፣ ወይም ድምፁ ጎላ እንዲል ፈልጓል። ለመጀመሪያው መቀየር ግድ ነው። ሦስተኛው የምርጫ ጉዳይ ነው፤ መዘዙ ግን ቀላል አይደለም። ብዙ ገንዘብ ያለ ጥቅም የሚወጣው በሁለተኛው ምክንያት ነው፤ በሰሜን ሸዋ ደጋ ሞተር የሚደክመው በማርሚታው የተነሳ አይደለምና።

እዚህ የምንናገረው ስለ ባለ አንድ ፒስተን፣ ባለ አራት ምት (ፎር ስትሮክ) ሞተር ነው። ሞተር ሳይክልም ሆነ ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ አሠራሩ አንድ ነው። የሚለያዩበት ቦታ ሲደርስ እንጠቅሰዋለን።

ማርሚታ ሥራው ድምፅ ማፈን ብቻ ነው?

አይደለም። ማርሚታ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ወጥቶ ወደ ኋላ የሚታጠፈው ቀጭን ቱቦ ነው፤ አንገት እንበለው። ሌላው ከኋላ ያለው ወፍራሙ ድምፅ ማፈኛ ነው። ማፈኛው ውስጥ ወይ በላሜራ የተከፋፈሉ ክፍሎች አሉ፣ ወይ የተበሳሳ ቱቦና በዙሪያው የተጠቀጠቀ የመስታወት ጥጥ አለ።

ጭስ ከሞተሩ የሚወጣው በአንድ ወጥ ፍሰት ሳይሆን በምት በምት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ዙር ሲዞር የጭስ ቫልቩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል። በተከፈተ ቁጥር አንድ የግፊት ሞገድ ቱቦው ውስጥ ይለቀቃል። አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ በገደል ማሚቶ እንደሚመለስለት፣ ይህ ሞገድም ቱቦው የሚሰፋበት ቦታ ደርሶ ወደ ቴስታታው ይመለሳል። ልዩነቱ፣ ተገልብጦ መመለሱ ነው፤ ገፊ ሆኖ የሄደው ሳቢ ሆኖ ይመጣል። ሲመለስ የጭስ ቫልቩ ሊዘጋ፣ የአየር ቫልቩ ደግሞ ሊከፈት ሲል ከደረሰ፣ የቀረውን ጭስ ጠርጎ ያወጣል፤ አዲሱን የአየርና የቤንዚን ድብልቅም ስቦ ያስገባል። ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከደረሰ ግን ጥቅሙ ይቀራል፤ እንዲያውም ጭሱን መልሶ ሊያስገባ ይችላል።

ሞገዱ በሰዓቱ መድረስ አለመድረሱን የሚወስኑት የአንገቱ ርዝመትና ስፋት፣ የማፈኛው አሠራርና የሞተሩ ዙር ናቸው። ለሥራ የሚውሉ ሞተሮች ማርሚታ ፋብሪካ ላይ የሚለካው ዝቅተኛና መካከለኛ ዙር ላይ ጉልበት እንዲሰጥ ነው። የማፈኛውን ውስጥ ሲያወጡት፣ ወይም አጭርና ሰፊ ማርሚታ ሲያስገቡለት ጉልበቱ ወደ ከፍተኛ ዙር ይሸሻል። ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ገብስ ጭኖ ዳገት የሚወጣ ሞተር ደግሞ ከፍተኛ ዙር ላይ አይደለም። ስለዚህ ድምፁ ጨምሮ ጉልበቱ ቀነሰብኝ የሚል ሰው ተሳስቶ አይደለም፤ የሆነውም እሱ ነው።

በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ሙሉ ማርሚታ (አንገቱም ማፈኛውም)፣ ከተስተካከለ ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን ከሚቀላቅለው ክፍል) ጋር፣ ከፍተኛ ዙር ላይ ጥቂት በመቶ ጉልበት ይጨምራል። ክብደትም ይቀንሳል፤ የፋብሪካው ማፈኛ ወፍራም ብረት ስለሆነ ቅያሪው ብዙ ጊዜ ይቀልለዋል። ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሚሰጥ ሻጭ ካለ ድምፅ እየሸጠ ነው።

ታዲያ ደብረ ብርሃን ላይ ሞተሩ ለምን ይደክማል?

አየሩ ስስ ስለሆነ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በይዘት ያው ቢሆንም በክብደት ሩብ ያህል ይቀንሳል። ጉልበቱም በዚያው ልክ፣ ሩብ ያህል ይወርዳል። 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር እዚያ 11 ገደማ ነው የሚሰጠው። መሐል ሜዳና ጓሳ አካባቢ፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ከዚያም ያንሳል። ይህን የጠፋ ጉልበት የሚመልስ ማርሚታ የለም።

ችግሩ ዳገት ብቻ ከሆነ ርካሹ መፍትሔ የካቴናው (የሰንሰለቱ) ባለ ጥርስ ማዞሪያ ነው። የፊተኛውን ማዞሪያ ከ14 ጥርስ ወደ 13 ማውረድ ጎማው ላይ የሚደርሰውን ጉልበት 8 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በምትኩ ከፍተኛው ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል። አንድ ማዞሪያ ደግሞ ከአንድ ማርሚታ ጋር በዋጋ አይወዳደርም።

ደብረ ብርሃን ላይ ደህና የነበረው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ለምን ይግላል?

ጠቅላላው ጉዳይ የሚያዘው እዚህ ጋ ነው። ቤንዚን በደንብ የሚቃጠለው ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲደርሰው ነው። ካርቡራተር ግን አየሩን አይመዝንም፤ ቤንዚኑን የሚሰጠው አየሩ በሚያልፍበት ፍጥነት ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ደጋ ላይ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው (እሳት ሰጪው) ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ጠዋት ጠዋት ያንቃል።

ማርሚታው ይበልጥ ክፍት በሆነ ሲቀየር ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ጭሱ በቀላሉ ይወጣል፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ይጨምራል፣ ቤንዚኑ ግን በልኩ አይከተልም። ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል። ደብረ ብርሃን ላይ እነዚህ ሁለቱ ይጣጣማሉ፤ ከፍታው ያበዛውን ቤንዚን አዲሱ ማርሚታ ይፈልገዋል። ባለ ሞተሩም «ጄት (የካርቡራተሩን የቤንዚን ማሳለፊያ) ሳልቀይር ተስማማው» ይላል። እውነቱን ነው፤ እዚያው ከተማ ውስጥ እስከነዳው ድረስ።

ሸዋ ሮቢት ግን 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጣርማ በር ዋሻ አድርጎ ከ100 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ 1500 ሜትር ይወረዳል። እዚያ ሲደረስ አየሩ ይወፍራል፤ ያው ካርቡራተር የሚሰጠው ድብልቅ ከደብረ ብርሃኑ ጋር ሲተያይ ቤንዚኑ 8 በመቶ ገደማ ያንሳል። ደጋ ላይ ልኩን ያገኘው ሞተር ቆላ ላይ ቤንዚን ያጥረዋል። በዚህ ላይ ቆላው ይሞቃል። ጉዳቱ የሚደርሰው ሲመለስ ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው ዳገት ላይ፣ ጭነት ተጭኖ፣ ቤንዚን እስከ ጥግ ተሰጥቶ፣ ፍጥነቱ ዝቅ ስላለ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ በሌለበት። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ሲቃጠል ሙቀቱ ይበዛል፣ የጭስ ቫልቩ ጠርዝ ይቃጠላል፣ ሲብስም የፒስተኑ አናት ይጎዳል።

ምልክቶቹ ይታወቃሉ፦ ቤንዚን ሲሰጠው ይንገዳገዳል፣ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይሰጠው ቆሞ የሚዞረው ዙር) ይወጣል ይወርዳል፣ ካንዴላው ነጭ ሆኖ ይገኛል፣ አንገቱ ቴስታታው ሥር ይበልጥ ሰማያዊ ይሆናል።

ካርቡራተሩ እንዴት ይስተካከላል?

ጄት የምትባለው ካርቡራተሩ ውስጥ ያለች፣ ቤንዚን የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ቪቴ ናት። ላይዋ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሲጨምር ቀዳዳዋ ይሰፋል። ሞተሩ ደጋ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነና የፋብሪካው ጄት ካለበት፣ ማፈኛው ብቻ ሲቀየር ጄቷን መንካት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ቀደም ሲል ቤንዚን እንዲቀንስ ተብሎ ቀዳዳዋ የጠበበ ጄት ገብታለት ከነበረ ግን የፋብሪካዋን መመለስ ነው። ደጋና ቆላ የሚመላለስ ሞተር ለቆላው ይስተካከላል፤ ትልቋ ጄት (ዋናዋ፣ ቤንዚን እስከ ጥግ ሲሰጥ የምትሠራው) አንድ ደረጃ፣ ሙሉ ማርሚታ ከሆነ እስከ ሁለት ደረጃ ከፍ ትላለች። ደጋ ላይ ትንሽ ቤንዚን ይባክናል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ካንዴላ ይጠረጋል፤ የተቃጠለ ቫልቭ ግን ቴስታታ ያስወርዳል።

መካከለኛው ዙር ላይ ብቻ የሚንገዳገድ ከሆነ ጉዳዩ የጄት ሳይሆን ካርቡራተሩ ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለች ቤንዚን የምትመጥነው መርፌ ነው። መርፌዋ አናት ላይ ያለችውን ቅንጥብ አንድ እርከን ወደ ታች ማውረድ መርፌዋን ከፍ ያደርጋታል፤ ቤንዚኑም ይጨምራል። የሚኒሞ ድብልቅ ቪቴ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቪቴዋ ከካርቡራተሩ በሞተሩ በኩል ካለች ቤንዚን ነው የምትቆጣጠረው፤ ሲፈቷት ቤንዚን ይጨምራል። በፊልትሮው በኩል ካለች ግን አየር ነው፤ ሲፈቷት ቤንዚን ይቀንሳል። በቀስታ እስክትነካ ዘግቶ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ዙር መፍታት ጥሩ መነሻ ነው። አስጨንቆ መዝጋት ጫፏን ያበላሻል።

ልኩን ለማወቅ ረጅም ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ቤንዚን እስከ ጥግ ሰጥቶ ጥቂት መንዳት፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ፍሪሲዮን ይዞ ሞተሩን ማጥፋትና ዳር መቆም። ሲበርድ ካንዴላው ይፈታል። የነጩ ሸክላ ጫፍ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ደረቅ ጥቀርሻ ከያዘ በዝቶበታል። ከተማ ውስጥ ሲንከላወስ ቆይቶ የተፈታ ካንዴላ ስለ ትልቋ ጄት የሚናገረው ነገር የለም።

ኢንጄክሽን ከሆነስ?

ኢንጄክሽን ያለው (በካርቡራተር ምትክ ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየመጠነ የሚረጭ) ሞተር የአየሩን ግፊት በሴንሰር ስለሚያውቅ ደጋና ቆላን ራሱ ያስተካክላል። ማፈኛው ብቻ ሲቀየርለት ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል። ሙሉ ማርሚታ ሲቀየር መታየት ያለበት አንገቱ ላይ የተተከለው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። አዲሱ አንገት የሴንሰሩ ማሠሪያ ከሌለው መግዛት አይገባም፤ ሴንሰሩ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ኮምፒውተሩ የተሳሳተ ንባብ ይዞ ቤንዚን ያበዛል፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱም ይበራል።

ሲገዛ ምን ይታያል?

ሦስት ነገር ሳይለካ መግዛት አይገባም፦ የድሮው አንገት የውጭ ስፋት (ማፈኛ ብቻ ከሆነ)፣ ከአንገቱ መገናኛ እስከ ኋላ ማንጠልጠያው ያለው ርቀት፣ እና የማንጠልጠያው ብሎን ውፍረት። አንገቱ ጠቦ ማፈኛው ከሰፋ በቁራጭ ላሜራ ጠቅልሎ ማጥበቅ የተለመደ ነው፤ በጥቂት ሳምንት ይለቃል። ሌላው ማፈኛው ጫፍ ላይ ያለው የብልጭታ ወንፊት ነው። ከታች እንመለስበታለን።

አገጣጠሙ

ቴስታታው ላይ ያሉት ዳዶዎች የማያቋርጥ ሙቀት ስለሚያገኛቸው ከብሎኑ ጋር ይጣበቃሉ። ከመፈታታቸው በፊት ባለው ማታ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ማጠጣት ይገባል። ጠዋት በ10 ቁልፍ (ወፍራም ከሆነ በ12 ወይም በ13) ትንሽ መፍታት፣ ትንሽ መመለስ፣ እንደገና መፍታት። አንዴ በኃይል ከተጎተተ ብሎኑ ይሰበራል፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ የተሰበረውን በስቶ ማውጣት ከማርሚታው የበለጠ ሊያስወጣ ይችላል። የፊቱ ከተፈታ በኋላ ማፈኛውን ደግፎ የኋላውን ብሎን ማውጣት ነው።

ቴስታታው አፍ ውስጥ ክብ የመዳብ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ቀለበት) አለ። ጠቁሮ ከብረቱ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይቀራል፤ አዲሱ በላዩ ላይ ይደረባል፣ ከዚያ አየር ያስገባል። በቀጭን ካቻቢቴ ግድግዳውን ሳይጭሩ ማውጣት ያስፈልጋል። ጓርኒሲዮኑ የሚያሽገው አንዴ ሲጨመቅ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አዲስ ይገባል።

አዲሱ ማርሚታ መጀመሪያ ሁሉም ቦታ ላይ ልል ሆኖ ይሰቀላል። ዳዶዎቹ በእጅ፣ የመገናኛው ማጥበቂያ በስሱ፣ የኋላው ብሎን በስሱ። ቀጥሎ የቴስታታው ሁለት ዳዶዎች እየተፈራረቁ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር ይጠብቃሉ። ከዚያ የመገናኛው ማጥበቂያ፣ በመጨረሻ የኋላ ማንጠልጠያው። ከኋላ የጀመረ ሰው አንገቱን ጠምዞ ነው የሚያስረው፤ ስንጥቁ ከወራት በኋላ ብየዳው ሥር ይወጣል። ማንጠልጠያው ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ካልገጠመ በብሎን ስቦ ማምጣት ሳይሆን ሮንዴላ መጨመር ወይም ቀዳዳውን ማስፋት ነው። ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን ከ10 እስከ 12 ኒውተን ሜትር፣ ለ8 ሚሊ ሜትር 20 ገደማ ይበቃል። የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ከሌለ አጭር ቁልፍ ይዞ በእጅ አንጓ ብቻ ማጥበቅ ነው፤ ክንድ አይገባበትም።

ከመነሳቱ በፊት ሁለት ሰው ኋላው ላይ ተቀምጦ ሲጫነው ማርሚታው ጎማውን፣ የፍሬን ቱቦውንና ሽቦዎችን እንደማይነካ ይታያል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ባለ አራት ጎማው ላይ የፕላስቲኩ መከላከያ ቅርብ ስለሆነ የሙቀት ላሜራው ሳይመለስ መነዳት የለበትም። የእጅ ዘይት በአልኮል ይጠረግ፤ ካልተጠረገ የጣት አሻራው ብረቱ ላይ ተቃጥሎ ይቀራል።

አስነስቶ አምስት ደቂቃ ማቆየት። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ጭስ የፋብሪካ ዘይት ነው፣ ይጠፋል። ከቴስታታው አጠገብ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ካለ ጓርኒሲዮኑ አላሸገም። ሲበርድ ዳዶዎቹ እንደገና ይጠብቁ፤ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም አንዴ።

ቁልቁለት ላይ ለምን ይተኩሳል?

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቤንዚን ዘግቶ በማርሽ ሲወረድ ሳይቃጠል ያመለጠ ቤንዚን የጋለው ማርሚታ ውስጥ ይገባል። አየር ካገኘ እዚያው ይቃጠላል፤ የሚሰማው ተኩስ እሱ ነው። ሁልጊዜ የካርቡራተር ጥፋት አይደለም። መጀመሪያ የሚፈተሸው የቴስታታው ጓርኒሲዮንና የመገናኛው ማጥበቂያ ነው፤ ዙሪያው ላይ የጥቀርሻ መስመር ከታየ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ጄት መቀየር ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ብልጭታ፣ ጋቢ፣ ጆሮ

የብልጭታ ወንፊት የጋለ ጥቀርሻ ከማርሚታው እንዳይተፋ የሚይዝ መረብ ነው። በአሜሪካ በደን አገልግሎቱ መሬት ላይ ያለ እሱ ከመንገድ ውጪ ሞተር መንዳት አይፈቀድም። እኛ ጋ ከኅዳር እስከ ጥር ክምርና አውድማ መንገድ ዳር ባለበት፣ የጓሳው ሣርም በበጋ በደረቀበት፣ ወንፊቱን አውጥቶ መጣል የሌላውን ሰው የዓመት እህል አደጋ ላይ መጣል ነው። ከተደፈነ ይፈታል፣ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፣ ይመለሳል። ሞተሩንም ጭድ ላይ አለማቆም፤ ማርሚታው ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለደቂቃዎች ይለበልባል።

ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የጋቢው ጫፍ ማርሚታው ላይ ይወድቃል፣ የማዳበሪያ ጆንያ ይቀልጥበታል፣ የልጅ ባት ይነካዋል። የሙቀት ላሜራ የሌለው ቅያሪ ላሜራ ይሠራለት፤ ከቱቦው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ።

ድምፅን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ለጆሮ የሚመክረው ጣሪያ 85 ዲሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። 3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ። ውስጡ የወጣ ማርሚታ ይዞ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ ሰው ይህን ልክ በቀላሉ ያልፈዋል። በገበያ ቀን ደግሞ የተጫነ አህያና በቅሎ ደንግጦ ገደል ዳር እንደሚፈናጠር መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

በውርጭ ጠዋት ሞተሩን ቤት ውስጥ ወይም በተዘጋ በረንዳ አስነስቶ ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

አዲሱ ለምን ቶሎ ዛገ?

1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 1 ሊትር ገደማ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ብርድ አገር ላይ አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ ሞተር ማርሚታው ሳይግል ይጠፋል፤ እንፋሎቱም ማፈኛው ውስጥ ውኃ ሆኖ ይቀራል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል። ለዚህ ነው ማፈኛው ሥር ትንሽ የማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ያለው። «ተበስቷል» ብሎ በብየዳ የሚደፍናት ሰው አይጠፋም፤ መደፈን የለባትም። አልፎ አልፎ ግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ማስኬድ ውኃውን ያደርቀዋል። ብየዳ የሚያስፈልገው ከሆነም ማርሚታው ከሞተሩ ወርዶ ይበየድ፤ ሳይወርድ በኤሌክትሪክ መበየድ የኃይል መሙያውንና ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

በክረምት ወንዝ ሲሻገር ሞተሩ ውኃ ውስጥ ከጠፋ መልሶ ማስነሳት አይገባም። ውኃ በማርሚታው ወደ ፒስተኑ ገብቶ ከሆነ፣ ውኃ አይጨመቅምና ውስጡን ይሰብራል። ገፍቶ ማውጣት፣ ካንዴላውን ፈትቶ ማዞር፣ ውኃው ወጥቶ ሲያልቅ ካንዴላውን መመለስ ነው።

የመስታወት ጥጥ ያለበት ማፈኛ ድምፁ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከጨመረ ጥጡ ተቃጥሎ አልቋል፤ ኋላው ተፈትቶ ይቀየራል። የወረደው የፋብሪካ ማርሚታ ደግሞ አይጣል፣ አይሸጥም። ውስጡና ውጪው በስሱ ዘይት ተቀብቶ፣ የወጣችው ጄት በትንሽ ላስቲክ አብራው ታስራ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። አዲሱ ካልተስማማ፣ ወይም ሞተሩን የሚገዛው ሰው የፋብሪካውን ከፈለገ፣ ለመመለስ ሁለት ዳዶና አንድ ብሎን ነው።